የማታፈናጥጥ መኪና

ሰው መኪናውን የሚሸጠው ወይ ተቸግሮ ነው፣ ወይ የተሻለች ሊገዛ አስቦ ነው። እኔ አንዱም ሳይሆን ሸጥኋት። ባሕር ዳር የሚያውቁኝ ሁሉ "እመቤት፣ ምን ነካሽ?" እያሉ ጠይቀውኛል፤ ለያንዳንዳቸውም የተለያየ ውሸት ነግሬያቸዋለሁ። ለአንዷ "መለዋወጫ አይገኝላትም" አልሁ፤ ለሌላው "ወገቤን ፈጀችኝ" አልሁ። እውነቱን እንዳልናገር እንባዬ እየቀደመኝ ነበር። አሁን ጊዜውም ስላለፈ ልንገራችሁ። ነገሩ የአንድ ሐሙስ ነው፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ድረስ።

መጀመሪያ ግን ያኔ ማን እንደነበርሁ እወቁልኝ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ዓረብ አገር ሄጄ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የአሠሪዬ ልጅ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ቀይ የስፖርት መኪና ነበረችው። በየማለዳው ፀሐዩ ሳይበረታ እሷን ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። ውጭዋን እንጂ ውስጧን እንድነካ አልተፈቀደልኝም። በሩን ሲከፍት ብቻ የወንበሩ ቆዳ ሽታ ወጥቶ ያውደኛል። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ሳይ ልጁ ድንገት ደረሰብኝ። አልተቆጣኝም። ትንፋሼ መስታወቱ ላይ ያረፈበትን ቦታ በጨርቅ ጠረገና ገብቶ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ውሃው በሚንጠባጠብበት ቆሜ፣ እኔም እንዲህ ያለች መኪና ሳልገዛ አልሞትም አልሁ።

አገሬ ተመልሼ ባሕር ዳር ልብስና ሽቶ መነገድ ጀመርሁ፤ እግዜር ይመስገን ቀናኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አገር ሊለቅ የተነሳ ሰው መኪናውን እንደሚሸጥ ሰምቼ አዲስ አበባ ሄድሁ። ቀይ ናት፤ ከመሬት የተጣበቀች፤ ሁለት ወንበር። በሩን ሲከፍተው ያ ሽታ መጣ። ሰውየው ስለ ሞተሩ ብዙ አወራልኝ፤ እኔ አንዱንም አልሰማሁት።

ዓመት ሙሉ ሕልም ውስጥ ከረምሁ። በየጠዋቱ ራሴ አጥባታለሁ። ዘበኛው "እትዬ፣ እኔ ልጠብ እንጂ" ሲለኝ አይሆንም እለዋለሁ። ከዚያ ዘንባባው ሥር ሐይቁን ተከትዬ ወዲያና ወዲህ እነዳለሁ፤ የምሄድበት ኖሮኝ አይደለም። ሰው ሲስቅብኝ አውቃለሁ። ግን ያንን ጨርቅ ይዤ በራሴ መኪና ላይ ስጎነበስ የማንም ሠራተኛ እንዳልሆንሁ ይሰማኝ ነበር።

የአባቴ ጉልበት በዚያ ክረምት አላራምድ አላቸው። "ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውሃው ውስጥ አንድ ሳምንት ብነከር ይለቀኝ ነበር" ይሉኛል በስልክ። "ከየሺ ጋር ነው ታዲያ" ብለው ይጨምራሉ። የሺ እናቴ ናት። ሌላም ነገር ጀምሯቸው ነበር። የጎረቤት ስም ይጠፋባቸዋል፤ ከበሉ በኋላ አልበላሁም ይላሉ። እኔ እርጅና ነው ብዬ አለፍሁት። እናቴ ግን አንድ ቀን፣ "ካጠገባቸው ዘወር ካልሁ ይፈልጉኛል፤ ብቻቸውን አይተዉም" ብላኝ ነበር። እሺ ብያት ወደ ሌላ ወሬ ገባሁ።

በመስከረም ማገባደጃ ወንዛዬ ልወስዳቸው ደብረ ታቦር ወጣሁ። ረቡዕ ከሰዓት ነው። ወደ ቤታችን የሚያስገባው ኮብልስቶን የመኪናዋን ሆድ ሦስት ጊዜ ፋቀው፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥርሴን ነከስሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከበበኝ። አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መኪናዋን ዞሯት። ደግመው ዞሯት። ከዚያ በምርኩዛቸው ጫፍ ኋላዋን ነካ ነካ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

"እሙዬ፣ የት ላይ ነው የምታፈናጥጥ?" አሉኝ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ፊቴ ጋለ። ማፈናጠጥ የበቅሎ ነገር ነው፤ አንዱ ከፊት ተቀምጦ ሌላውን ከኋላው ሲያስቀምጥ።

"ይቺ አታፈናጥጥም አባየ። ሁለት ሰው ብቻ ናት። እኔና አንቱ።"

"እኔና አንቺ ከሆን የሺስ?"

"ተመልሼ አመጣታለሁ።"

"በቅሎ እንኳ ታፈናጥጣለች" አሉ። ነገሩ ከልብ ገርሟቸው ነበር።

አባቴ በጉብዝናቸው በቅሎ ጭነው ከደብረ ታቦር ይፋግ ገበያ የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። እናቴን ያገኟት እዚያ ነው፤ የይፋግ ልጅ ናት። ሠርጋቸው ሲወራ ሰው የሚስቀው በአንድ ነገር ነው። በአገሩ ደንብ ሙሽራዋን በበቅሎ አፈናጥጦ የሚያመጣት ሚዜው ነው። አባቴ ግን "ለማንም አልሰጥም" ብለው ራሳቸው አፈናጥጠዋት መጡ፤ ሚዜው በእግሩ እየተከተለ። ይህን ታሪክ ልጅ ሆነን መቶ ጊዜ ሰምተነዋል።

ያን ዕለት እናቴ ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። "ልጄ፣ ሦስታችንም በሚኒባስ ብንወርድስ?" አለችኝ።

"ይቺን መኪና እዚህ አቁሜ በሚኒባስ? ሰው ምን ይላል እማየ?"

"ሰውማ ምን ይላል" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እናቴ ተከራክራ አታውቅም።

ሐሙስ ማለዳ ደብረ ታቦር በጉም ተውጣ ነበር። ያሰብሁት እንዲህ ነው፦ አባቴን ሐሙሲት ድረስ ላደርሳቸው፣ እዚያ ከማውቃት ሰው ዘንድ አስቀምጬ ለእናቴ ልመለስላት፣ ከሐሙሲት ወንዛዬ ያለው የአፈር መንገድ ለእኔ መኪና ስለማይሆን እሱን በኪራይ ልንሄድ። በዚያች የአስፋልት መንገድ አባቴን በመኪናዬ ለማንሸራሸር ብቻ ይህ ሁሉ መመላለስ። ያኔ ግን ምንም ችግር አልታየኝም።

አባቴን ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ራሱ ሥራ ነበር። ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ መኪናዋ ደግሞ መሬት ናት። "ጉድጓድ ነው እንዴ የምታስገቡኝ?" ይላሉ። በመጨረሻ ምርኩዛቸውን ጭናቸው መሐል አድርገው ተቀመጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጉሙ እስከ ወገቧ ሸፍኗታል። ስንነሳ አባቴ አንገታቸውን ሊያዞሩ ሞከሩ፤ ከኋላ ግን የሚያሳይ መስኮት የለም ማለት ይቻላል።

ቁልቁለቱን በጉሙ ውስጥ ወረድን። የሚታየኝ ከፊቴ ያለው ቁራጭ መንገድ ብቻ ነው። ዓለም በርን አልፈን ወደ ፎገራ ሜዳ ስንወርድ ጉሙ ከላያችን ላይ ተነሳ። የሩዙ ማሳ ውሃ ይዟል፤ ሰማዩ ከላይም ከታችም ሆነ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ትንሳፈፋለች። ደስታዬ ልቤን ሊያፈነዳው ደርሶ ነበር፤ የሰው መስታወት ጠራጊዋ ልጅ አባቷን በደመና መሐል ይዛ የምትሄድ መሰለኝ።

"የሺን የት ተውናት?" አሉ አባቴ።

"ቤት ናት አባየ። እመለስላታለሁ።"

ጥቂት ሄደን፣ "የሺስ?" አሉ። እንደገና ነገርኋቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ፣ "ነገርሁዎት እኮ አባየ!" አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሐሙሲት እስክንደርስ የበሩን እጀታ አልለቀቁም።

ሐሙሲት ዝናሽ አለች። ዓረብ አገር አብረን የነበርን ናት፤ ተመልሳ ከመናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ከፍታለች። አባቴን ደጃፏ ላይ ጥላ ያለበት ወንበር ሰጠቻቸው፤ ሻይና ዳቦ አቀረበችላቸው።

"ዓይኔን አልነቅልም፣ ሂጂ" አለችኝ።

"አባየ፣ ከዚህ እንዳይንቀሳቀሱ። እማየን ይዣት መጣሁ።"

"ሂጂ አምጫት" አሉኝ፤ ፈገግ ብለው።

ሐሙስ የሐሙሲት ገበያ መሆኑን የከተማዋ ስም ራሱ ይናገራል። እኔ ግን ያን ጠዋት የአህያውንና የሰውን ጎርፍ በጥሩምባ እየከፈልሁ ስወጣ ያሰብሁት ቀለሙ እንዳይጫርብኝ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ብቻዬን ወደ ላይ ስመለስ አባቴን ረሳኋቸው። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ለቀቅሁላት፤ ማሳውና ውሃው በሁለት በኩል እንደ ሐር ይጎተታል፤ እየዘፈንሁ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልነዳሁም።

እናቴ ጓዟን ቋጥራ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰላም ሳትለኝ፣ "ከማን ጋር ተውሻቸው?" አለች።

"ከዝናሽ ጋር።"

"ዝናሽ ብቻዋን ናት?"

"ቁርስ ቤት አላት አላልሁሽም? ሰው እያስተናገደች ነው።"

"ዛሬ ሐሙስ አይደል?" አለችና ገባች። ወረታ እስክንደርስ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ መንገዱን ታያለች።

ከወረታ አልፈን የጉማራ ድልድይ ላይ ስንደርስ አንድ ሚኒባስ ከፊታችን መጥቶ አለፈን።

"ቁሚ" አለች እናቴ። "አባትሽ ናቸው።"

"የታሉ?"

"እዚያ ውስጥ። በመስኮቱ አየኋቸው።"

"እማየ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሁሉ አባየ ነው? እሳቸው እዚያ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ነው።"

"አየኋቸው አልሁሽ እኮ።"

"ዓይንሽ ነው" አልሁና ጫን ብዬ ነዳሁ። በዚያ ፍጥነት ሰው መለየት አይቻልም ብዬ ነው። ሃምሳ ዓመት አንድን ሰው ያየች ሴት በምን ፍጥነት እንደምትለይ አላወቅሁም።

ዝናሽ ደጃፍ ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሻዩ ተገምሶ ቀርቷል፤ ዳቦው አልተነካም። ዝናሽ እኛን ስታይ ሰሐን እንደያዘች ቀረች።

"አሁን እዚህ ነበሩ። ለሽንት የገቡ መስሎኝ..." አለች።

"አሁን መቼ ነው?" አለች እናቴ።

ዝናሽ ማልቀስ ጀመረች።

ተበታትነን ፈለግን። ገበያው እንደ ንብ ይጮኻል። በርበሬ ተራ፣ እህል ተራ፣ ከብት ተራ፤ ጋቢ ያየሁበት ሁሉ ሮጬ ፊት ፊታቸውን አየሁ። አንዱም አባቴ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄድሁ፤ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ አየሁ። እነዚያ የማይታጠፉ እግሮች የት ያደርሷቸዋል እያልሁ ነበር። "የሺስ?" ሲሉኝ የጮኽሁባቸው ድምፄ ጆሮዬ ላይ ይደውላል።

ወደ መኪናዋ ስመለስ ሰው ከቧታል። ስልክ አውጥተው ፎቶ የሚነሱ አሉ፤ አንዱ መንገደኛ ኮፈኗ ላይ ተደግፏል። "ሽማግሌ አይታችኋል? ነጭ ጋቢ፣ ግራጫ ቆብ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ ትንሽ የሚያነክሱ" አልኋቸው። አንድ ኮት የለበሰ ሰው ጠጋ አለኝ፤ ያየ መስሎኝ ክንዱን ያዝሁት።

"እህት፣ የስንት ፈረስ ጉልበት ናት?" አለኝ።

ሰውየው ምንም አላጠፋም። እኔም ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሰዓት ግን መኪናዋን ዞር ብዬ ሳያት የማላውቃት ነገር ሆነችብኝ። ያንን ሁሉ ሰው በአባቴና በእኔ መሐል ያቆመችው እሷ መሰለችኝ። መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው የደረሰልን፤ ወፈር ያለ፣ ድምፁ የሰለለ ሰው። ዝናሽ እጁን ይዛ አመጣችው።

"ምርኩዝ የያዙ አባት ወደ ወረታ በሚሄደው ሚኒባስ አሳፍሬያለሁ" አለ። "ሚስቴን ላመጣ ነው ብለው ለሰው ሁሉ ሲናገሩ ነበር። ተሳፋሪው ቦታ ለቀቀላቸው።"

"የት ነው የምወርደው አሉ?"

"እሱን አልጠየቅሁም። ሚስቴን ላመጣ ነው ያለ ሰው ደግሞ ምን ይጠየቃል?"

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ተነሳሁ። "ቤት ሄደዋል! ተመልሰው ደብረ ታቦር ወጥተዋል፤ አንቺን ሊያመጡ። ግቢ፣ እንድረስባቸው።"

"ደብረ ታቦር አይደሉም" አለች እናቴ።

"ታዲያ የት?"

"ይፋግ።"

"ይፋግ ምን ሊያደርጉ? አንቺ ያለሽው ደብረ ታቦር!"

"አሁን ነው ደብረ ታቦር ያለሁት" አለች። "እሳቸው የሚያመጡኝ ግን ከይፋግ ነው።"

እየነዳሁ ተከራከርኋት። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በስተቀኝ ሽቅብ ደብረ ታቦር፣ ቀጥታ ይፋግና አዲስ ዘመን። ከተሳሳትን አባቴ በሌላኛው መንገድ፣ በማያውቁት ሰው መሐል፣ ብቻቸውን ይቀራሉ። ቤት ቢሄዱ በሩ ዝግ ነው። ማን ያስገባቸዋል? መታጠፊያው ላይ ደርሼ ቆምሁ። ከኋላዬ ያለው የጭነት መኪና ይጮኽብኛል። እናቴ ግን ለጣራ ገዳም ስለት እየተሳለች ነበር፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ድልድዩ ላይ "ዓይንሽ ነው" ያልኋት ትዝ አለኝ። አልታጠፍሁም፤ ቀጥታ ነዳሁ።

የርብን ድልድይ ተሻገርን። እኩለ ቀን ሊሆን ነው፤ ከሩዙ ማሳ ላላ ያለ እንፋሎት ይነሳል፤ ከብቶች በውሃው ውስጥ እንደ ሐሳብ ቆመዋል። ሁሉም ነገር ጸጥ ያለና የራቀ ይመስል ነበር፤ ልቤ ብቻ ነው የሚጮኸው።

ይፋግ ስንገባ እናቴ ነቃ አለች። "እዚህ ጋ ታጠፊ፤ የአባቴ ቤት እዚህ ውስጥ ነበር" አለችኝ። የውስጥ መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ነው። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ መኪናዋ ሆዷን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ቀረች፤ ጎማዋ በአየር ላይ ይዞራል። ሌላ ቀን ቢሆን እጮህ ነበር። በሩን እንደከፈትሁት ትቼ ሮጥሁ። እናቴ ከፊቴ ናት፤ እንዲያ ስትራመድ አይቻት አላውቅም።

የአያቴ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ወፍጮ ቤት ቆሟል። በሩ ሰፊ ነው፤ ፀሐዩ ገብቶ የዱቄቱን ብናኝ በአየር ላይ አቁሞታል። በዚያ ብናኝ ውስጥ አባቴ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው፣ ቆባቸው፣ ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል። ምርኩዛቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አሳርፈው፣ የተከበረ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለዋል። እንዳየኋቸው የወፍጮው ድምፅ ራሱ የጠፋ መሰለኝ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ሻሽ ያሰረች ጠና ያለች ሴት፣ ወደ እኛ መጣች። "የእናንተ ናቸው?" አለች ቀስ ብላ። "ሙሽራዬን ልወስድ መጣሁ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ሙሽራ ሊወስድ የመጣ ሰው ደጅ አይቆምም። እየተሰናዳች ነው፣ አረፍ ይበሉ አልኋቸው። ውሃ ሰጠኋቸው።"

ልሮጥ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ግንባሯን ሸፍና፣ ዝግ ብላ ሄደች። አጠገባቸው ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

"መጣሁልህ" አለች።

እናቴ አባቴን ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትል ነው የኖረችው። አንተ ስትላቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"አቆዩሽ" አሉ አባቴ።

"ስሰናዳ ነው።"

"ትተናት መጣን ብዬ እኮ ነው። አንድ ሰው ይዞኝ ሄደ፤ በጣም ይሮጣል። የሺን የት ተውናት ስለው ይቆጣኛል።"

ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ላይ እኔን የሚያውቅ ነገር አልነበረም።

"ይቺ ልጅ ማን ናት? ምነው ታለቅሳለች?"

"ሚዜዬ ናት" አለች እናቴ።

"ሴት ሚዜ ደግሞ በበቅሎ ታፈናጥጣለች?"

"ዘመኑ ነው" አለች።

አባቴ ይህን ጥቂት አሰቡበት። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። "በይ እንግዲህ ሚዜ፤ በቅሎዋን አቅርቢልን" አሉኝ።

ወጣሁ። መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ተቀምጣለች፤ በሮቿ በሁለት በኩል ተከፍተዋል። ሁለት ወንበር። ያንን ስንት ዓመት የተመኘሁትን ወንበር ቆሜ አየሁት። እናቴንና አባቴን ባስቀምጥ የሚነዳ የለም፤ እኔ ከነዳሁ ደግሞ አንዳቸው ይቀራሉ። ከዚያ ጠዋት በፊት ይህን ቁጥር ቆጥሬው አላውቅም ነበር። በሮቿን ዘጋሁና አጠገቧ አልፌ አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ሚኒባስ አስቆምሁ።

ሹፌሩ የኋላውን ወንበር አስለቀቀልን። አባቴ እናቴን መስኮት ጋ አስቀመጧት፤ ከጎኗ ሆነው ክንዳቸውን በወገቧ አዞሩ። ሚኒባሱ ሲነሳ "ያዢኝ እንግዲህ፤ ቁልቁለት አለ" አሏት። ሜዳ ነበር። እናቴ ግን ያዘቻቸው። እኔ ተጣጣፊው ወንበር ላይ ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ ተቀመጥሁ፤ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ከእነሱ ላይ ዓይኔን አልነቀልሁም። አባቴ ዓለም በር አካባቢ እናቴ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መኪናዋን ያነሳኋት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሰዎች ተሸክመው አወጡልኝ። በሩን ስከፍት ያ ሽታ መጣ፤ የቆዳ ሽታ ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረውም። ባሕር ዳር አድርሼ ለዘበኛው "እጠባት" አልሁት። ደንግጦ አየኝ። በወሩ ሸጥኋት። የገዛት ልጅ ቁልፉን እንደተቀበለ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየ፤ ደስ ይበለው ብዬ ምንም አልነገርሁትም።

አንባቢዎቼ፣ እንዲህ ያለ መኪና መውደድ ኃጢአት ነው ልላችሁ አይደለም። እኔ ወድጃታለሁ፤ ለምን እንደወደድኋትም ነግሬያችኋለሁ። የተዋረደች ልጅ ቀና ማለት ፈልጋ ነው የገዛቻት፤ ያችን ልጅ አልፈርድባትም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እናቴ ሦስታችንም አብረን እንሂድ ብላ ስትለምነኝ "ሰው ምን ይላል" አልሁ። አየኋቸው ስትለኝ ዓይንሽ ነው አልኋት። አባቴ ፍርሃታቸውን ደጋግመው ሲነግሩኝ ጮኽሁባቸው። ለካ በዚያች መኪና ውስጥ ከእኔ ሌላ የተሳፈረ ሰው አልነበረም። ዛሬም በመንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ልጁን ሲጠይቅ ስሰማ፣ ልጁ በምን ድምፅ እንደሚመልስ ቆሜ አዳምጣለሁ። እናንተም የምትመልሱለት ሰው ካለ ቀስ ብላችሁ መልሱለት። ሌላ ምክር የለኝም።

ወንዛዬ የሄድነው በሳምንቱ ነው፤ ሦስታችንም በሚኒባስ፣ ጉልበታችን እየተነካካ። በማለዳ ፍል ውሃው በሚወርድበት ቦይ ዳር ተቀመጥን። እንፋሎቱ ወፍራም ስለነበር እርስ በርሳችን የምንተያየው ገለጥ ሲልልን ብቻ ነው። አባቴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው እግራቸውን ነክረዋል፤ እናቴ ጎንበስ ብላ ታሽላቸዋለች። እኔ ፈንጠር ብዬ ድንጋይ ላይ ነኝ። አባቴ ብዙ ጊዜ አዩኝ። እንፋሎቱ ሸፈነኝ፤ ገለጠኝ፤ እንደገና አዩኝ።

"እሙዬ" አሉ። "መቼ መጣሽ?"

ከአንድ ቀን በቀር ሳምንቱን ሙሉ አብሬያቸው ነበርሁ። "አሁን ነው አባየ" አልሁ። "አሁን መድረሴ ነው።"

"በይ ጫማሽን አውልቂና ነይ" አሉና ለእኔ ቦታ ለመልቀቅ ወደ እናቴ ጠጋ አሉ።